የአሜሪካ ኮሌጅ አማካሪ ቢሮ፣ ባሕር ዳር፦ ፎርሙን አሠሯቸው፣ ድርሰቱን ግን አትስጧቸው

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ሦስቱም ለወረቀት ሥራቸው ነው። አመልካቹ ስለ ራሱ ጽፎ ከማመልከቻው ጋር የሚልከውን ድርሰት የሚያዩበት አገልግሎታቸው ለብቻው ቢሆን አንድም አይወጣለትም።

የቤቱን ስም አልጠራም። ባሕር ዳርን ታውቋታላችሁ፣ ዛሬ የተጣላኸው ሰው ነገ ባጃጅ ውስጥ ጎንህ ይቀመጣል። ደግሞም እንዲህ ያለ ቢሮ አንድ ብቻ አይደለም፣ ጽሑፉ ለሌሎቹም ይሆናል። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የሃርቫርድና የዬል ዓርማ፣ ደጃፉ ላይ ‹‹ፉል ስኮላርሺፕ›› የሚል ባነር፣ የማይቀዘቅዝ የውኃ ማቀዝቀዣ። አወቃችሁት አይደል?

ሰው ለምን ይሄዳል? የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣውን ውጤት አስታውሱ። በ2014 ማለፊያውን ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በዚህ ላይ የክልላችንን ሁኔታ ጨምሩበት፣ ትምህርት የተቋረጠበትን፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ዳታ የጠፋበትን ጊዜ። ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ ሌላ በር ቢያንኳኳ ማን ይፈርድበታል? እኔም የእህቴን ልጅ ይዤ እዚያ ፎቅ ላይ የወጣሁት ለዚሁ ነው። እናቱም አብራን ነበረች። ልጁ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ መጻፍም ይወዳል።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር፣ ምክንያቱም እውነትም ጥሩ ነገር አላቸው።

የዱዎሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተና የሚፈተኑበት ክፍል አላቸው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ካሜራው ፊትህን እያየ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መሐል ላይ መብራት ወይም ኢንተርኔት ከሄደ ልፋትህ ገደል ገባ ማለት ነው። እዚያ መስመሩ የሽቦ ነው፣ መጠባበቂያ ባትሪም አለ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ለዚህ ብቻ ብትከፍሉ አይቆጭም። ቤት ውስጥ ታናናሽ ወንድሞችህ እየጮኹ፣ ጎረቤት ቴፕ ከፍቶ፣ እንዴት ትፈተናለህ?

ሁለተኛው የፋይናንስ ፎርሙ ነው። ይኼን የምትሠራው አንዲት ወጣት ናት፣ እኔን ‹‹ጋሼ›› እያለች፣ እህቴን ‹‹እትዬ›› እያለች፣ ረጋ ብላ አንድ በአንድ ታስረዳለች። ኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ለመጠየቅ የሚሞላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ፎርም አለ። ለአሜሪካ ቤተሰብ የተሠራ ስለሆነ ‹‹የቤታችሁ የገበያ ዋጋ ስንት ነው፣ የጡረታ ሒሳባችሁ ውስጥ ስንት አለ፣ ኢንቨስትመንት አላችሁ ወይ›› ይላል። እህቴ መምህርት ናት። ባለቤቷ ደግሞ ደሞዝተኛ ነው፣ ሜጫ ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር የሚያርሱት የአባት መሬት አለው። መሬቱ የመንግሥት፣ የማረስ መብቱ የእነሱ፣ ታዲያ ዋጋው ስንት ይባል? ልጅቷ አልተደናገጠችም። ባዶ ከመተው በማብራሪያ ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ አለችን፣ ጻፍን። የደሞዝ ደብዳቤውን አስተረጎመች፣ የማመልከቻ ክፍያ የሚያስቀር ጥያቄ የትኛው ቦታ እንደሚሞላ አሳየች።

ከሁሉ በላይ የነገረችን ቁምነገር ይኼ ነው። የውጭ አገር አመልካች ‹‹ገንዘብ እርዳኝ›› ማለቱን ሳያዩ የሚወስኑ፣ ከተቀበሉም የጎደለውን ሁሉ የሚሞሉ ኮሌጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት የቆዩት ናቸው። ዳርትማውዝና ቦዶይን እ.ኤ.አ. በ2022 ገቡበት፣ ብራውን ከዚያ በኋላ ተከተለ። የቀሩት አብዛኞቹ የውጭ ልጅ እርዳታ መጠየቁን ያያሉ፣ ይመዝናሉም። ሃርቫርድ የአንድ ዓመት ወጪው በጠቅላላ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ከመቶ አመልካች የሚገባበት አራት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር የሚያመለክት ልጅ ዕጣው የሚወሰንበት ቦታ ካለ ይኼ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ይኼን ያለምንም ማስጌጥ ነገረችን። ሦስቱ ኮከብ የሷ ነው።

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባን።

የድርሰት ባለሙያው ሱፍ የለበሰ፣ ፈጣን፣ ግማሽ ዐረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛ የሆነ ሰው ነው። የልጁን ማርክ አየ፣ ‹‹አሪፍ›› አለ። ከዚያ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ‹‹ስማ ወንድሜ፣ አንተ ጥቁር ነህ። ካርድህ እሱ ነው›› አለው።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ምን ይበል? እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ሠፈሩን፣ ሃይማኖቱን፣ ጎጃሜነቱን ሲነግሩት ነው የኖረው። ጥቁርነቱን ካርድ ነው ብሎ የነገረው የመጀመሪያው ሰው ገንዘብ የከፈልነው ሰውዬ ሆነ።

የሰውየው ምክር ነውርነቱ ይቆየንና ጊዜው አልፎበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኛ አቆጣጠር ሰኔ 22 ቀን 2015 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ ውሳኔ ሰጥቷል። የኖርዝ ካሮላይናው ስድስት ለሦስት፣ የሃርቫርዱ ስድስት ለሁለት ነው። ኮሌጅ አመልካችን ‹‹ይኼ ጥቁር ነው፣ ይኼ ነጭ ነው›› ብሎ በዘሩ ነጥብ ሊጨምርለት ወይም ሊቀንስበት አይችልም ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ኮታን ከልክሎ ‹‹ለተማሪዎች ብዝኃነት ሲባል ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ይቻላል›› እያለ ነው የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ጉዳይ ላይም ይኼንኑ አጽንቶት ነበር። በ2015ቱ ውሳኔ ያ በር ተዘጋ። አንዲት ቀዳዳ ቀረች፦ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው፣ መድልዎም ይሁን ብርታት የሰጠው ነገር፣ በድርሰቱ መጻፍ ይችላል። ግን ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ እንዳሉት ያ ታሪክ ከልጁ ከራሱ ጥንካሬና ችሎታ ጋር መያያዝ አለበት።

ሰውየው የያዛት ቀዳዳዋን ብቻ ነው። ‹‹ድርሰት ላይ ጥቁርነትን መጻፍ ይቻላል›› የሚለውን ሰምቷል፣ ‹‹በራስህ ላይ የደረሰውን›› የሚለው አልደረሰውም።

ውሳኔው እዚያ ያሉትን ምን እንዳደረጋቸው ደግሞ እዩ። በቀጣዩ ዓመት የገቡት ሲቆጠሩ ኤምአይቲ የጥቁር አዲስ ገቢዎች ድርሻ ከ13 በመቶ ወደ 5 ወረደ። አምኸርስት ከ11 ወደ 3። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14። እነዚህ ቁጥሮች የእኛን ልጆች አይጨምሩም! ይኼን ነው ቢሮው ጨርሶ የማያውቀው። የአሜሪካ ኮሌጆች ለመንግሥታቸው ሪፖርት ሲያደርጉ በተማሪ ቪዛ የመጣ የውጭ ዜጋ የሚቆጠረው በራሱ ረድፍ ነው፣ ከኬንያም ይምጣ ከቻይና፣ በዘር ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም። የእህቴ ልጅ ፎርሙ ላይ የፈለገውን ሣጥን ቢያቀልም ሪፖርቱ ላይ የውጭ ተማሪ ነው። የአጎቱ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ግን ጥቁር አሜሪካዊ ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ዘመድ፣ አንድ መልክ፣ ሁለት ረድፍ። አሠራሩ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ጨዋታ ነው፣ ግን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክር ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ይኼ ነገር እዚያ አገር የቆየ ቁስል እንዳለበትም ማወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ተማሪ በጥብቅ መርጠው የሚቀበሉ 28 ኮሌጆች የገቡ ተማሪዎችን ያጠኑት የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው፣ ከጥቁር ተማሪዎቹ 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች መሆናቸውን አገኙ። በጥናቱ ውስጥ በነበሩት የአይቪ ሊግ ኮሌጆች፣ እነ ዬል ባሉበት የስመ ጥሮቹ ቡድን፣ 41 በመቶ ደረሰ። ከአገሪቱ የ18ና የ19 ዓመት ጥቁር ወጣቶች ውስጥ ግን እነዚህ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ፣ ሁለቱም የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች፣ ጥያቄውን በአደባባይ አነሡት፦ በባርነት የማቀቁት ሰዎች የልጅ ልጆች የት አሉ? ቦታውን የያዙት ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡት አይደሉም ወይ?

እንግዲህ በዚህ መሐል የጎጃም ልጅ ተነሥቶ ‹‹የጥቁርነት ስቃዬ›› ብሎ ሲጽፍ አስቡት። በሰው ለቅሶ ላይ ከሟች ቤተሰብ በላይ ደረት መድቃት ነው። አንባቢው ሞኝ አይደለም፣ ይታወቀዋል።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውንም አልወድም። ‹‹እኛ እኮ ሐበሻ ነን፣ ጥቁር አይደለንም›› የሚሉ ዘመዶች አሉን፣ ክረምት ላይ ከውጭ መጥተው ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበሉ እንዲህ የሚሉ። ለነሱ ሐኪም መላኩ በያንን ባስተዋውቃቸው ደስ ይለኛል። ኦሃዮ ውስጥ መስኪንገም ኮሌጅ ተምሮ፣ ሕክምናውን ዋሽንግተን በሚገኘው በጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ጨርሶ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አግብቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኒውዮርክ ላይ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. በ1937 ያቋቋመ ሰው ነው። እዚያ ሄዶ ጥቁር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ኖሮ አየ፣ ከሰዎቹ ጋር ቆመ። የኛ ልጅ ገና ምኑንም አልኖረውም። ከደረሰ እዚያው ይማረዋል፣ ፖሊስ ሲያስቆመው፣ የዶርም ጓደኛው ‹‹ፀጉርህን ልንካው›› ሲለው። ያኔ ይጽፋል።

ወደ ቢሮው ልመለስ። ሰውየው ሲያወራ ‹‹ድሮማ በጥቁርነት ብቻ ያስገቡ ነበር፣ ማርክ ማን ያያል›› ብሎ ሳቀ። እህቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ‹‹እኔም በሴቶች ድጋፍ ነጥብ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ›› አለችው። ‹‹የገባሁት በነጥቡ ነው። አራት ዓመት ሌሊት አጥንቶ ያስመረቀኝ ግን ነጥቡ አይደለም።›› ክፍሉ ጭር አለ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይገባል ይላል፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላ፣ ከቤኒሻንጉል ለሚመጡ ልጆችም የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ኖሯል። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ነው። ክርክሩም ያው ነው፣ ‹‹የኔን ልጅ ቦታ ወሰዱበት›› የሚለውም ያው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ድርሰቱ።

ኮመን አፕ ላይ፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ፎርም በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ የሚገባው ድርሰት ከ650 ቃል መብለጥ የለበትም። ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፎ ነበር የሄድነው። ስለ አንድ የክፍል ጓደኛው ነው የጻፈው። ጓደኛው ከነገደ ወይጦ ነው፣ አባቱ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ሐይቁ ዳር ያደግን ሁሉ እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን፣ ማወቅ ከተባለ። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ‹‹ጉማሬ በሊታ›› ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲርቃቸው ኖሯል፣ ሙስሊሞች ሆነው ሳለ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፣ ጠፍቷል። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሎጁና መዝናኛው በበዛ ቁጥር ደግሞ የሐይቁ ዳር እየጠበበባቸው ነው።

ልጁ የጻፈው ታሪክ አጭር ነው። ጓደኛውን ቤት ይዞት ይመጣል፣ አብረው ሊያጠኑ። አያቱ፣ የኔ እናት ማለት ነው፣ ውኃ ታቀርባለች። ለልጁ በተለመደው ብርጭቆ፣ ለጓደኛው ከቁምሳጥን ኋላ በወጣ አሮጌ ኩባያ። ጓደኛው ኩባያውን አየ፣ ‹‹አልጠማኝም›› አለ፣ ሒሳቡን ሠርተው ሄደ። ከዚያ ልጁ ይጽፋል፦ ያን ቀን ምንም አላልኩም፣ አያቴን እወዳታለሁ፣ ጓደኛዬ በኔ ቋንቋ ያወራኛል፣ እኔ ግን የሱ አያቶች በምን ቋንቋ ያወሩ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። ቀጥሎ እንዴት እንደጠየቀውና የጓደኛው አባት ምን እንዳሉት ይተርካል። አባትየው ስለ ታንኳ አሠራር ሲያስረዱት፣ ሒሳብ ወዳዱ የኛ ልጅ ደንገሉ ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ እንደሚንሳፈፍ ማስላት ይጀምራል። እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ይሰናከላል። ግን አነበብኩት፣ እናቴንም አየኋት፣ ልጁንም አየሁት።

ሰውየው በስልኩ ላይ እያነበበ ራሱን ነቀነቀ። ‹‹ይኼማ አንተን ጨቋኝ ያስመስልሃል። እነሱ ደግሞ ወይጦ ምን እንደሆነ አያውቁም። አውጣው።››

ከሳምንት በኋላ ‹‹የተስተካከለው›› ድርሰት በቴሌግራም መጣ። ወይ ጉድ! የእህቴ ልጅ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ከጣና ውኃ በጀሪካን የሚቀዳ፣ በኩራዝ የሚያነብ ጥቁር አፍሪካዊ ልጅ ሆኗል። ይኼ ልጅ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው በብስክሌት ነው፣ እንደ ግማሹ የባሕር ዳር ሰው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ጀሪካን ተሸክሞ ሐይቅ አልወረደም። መጨረሻው ላይ ‹‹ከጣና ማዕበል ጽናትን ተማርኩ›› ይላል። የሌላ ደንበኛ ልጅ ድርሰት አሳየን፣ እሱም ከጣና ማዕበል ጽናት ተምሯል። አንድ ኮሌጅ ከአንድ ከተማ በአንድ ዓመት ስንት ከማዕበል የተማረ ልጅ ይቀበላል?

እና እዚሁ ቢሮ ውስጥ፣ በሌላ ቀጠሮ፣ ለኢንተርቪው ሲያዘጋጁት ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምሩት። ስምህን አሳጥረው፣ ለአፋቸው ይከብዳል። ‹‹እሺ›› እያልክ አትተንፍስ። ስለ እግር ኳስ ሳይሆን ስለ ቅርጫት ኳስ አውራ። ዓይናቸውን እያየህ መልስ። የመጨረሻው ጠቃሚ ነው፣ እዚህ ታላቅ ሲያናግረን አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን የደበቅነው ነገር ያለ ይመስላቸዋል፣ ይንገሩት። የቀረው ግን ግራ አጋባኝ። ድርሰቱ ላይ የጎጆ ቤት አፍሪካዊ፣ ካሜራ ፊት የቦስተን ልጅ። ሁለቱም እሱ አይደለም። አንድ ኮሌጅ የተለያየ ልጅ እፈልጋለሁ ካለ፣ የሚፈልገው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሆነበትን ልዩነት ነው እንዴ?

የራሴን ግቢ አስታወሰኝ። የት እንደተማርኩ ይቆይ። ትምህርት ሚኒስቴር ከየክልሉ ቀላቅሎ ይመድበን ነበር፣ ዶርማችን ውስጥ ከአገሩ አራት ማዕዘን የመጣ ልጅ ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ምግብ ቤት ስንገባ ግን ጠረጴዛው በቋንቋ ነበር የሚከፈለው፣ ረብሻ የተነሣ ዕለትም ማን ከማን ጋር እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከደቡብ የመጣው የዶርም ጓደኛዬ አማርኛውን እኛ ስንስቅበት እኛን መስሎ እስኪያወራ ድረስ አስተካከለ። እኔ ከሱ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ ሳልይዝ ተመረቅሁ። የአሜሪካዎቹ ኮሌጆች በራሪ ወረቀታቸው ላይ የሁሉም ቀለም ልጆች ሣር ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ሳይ የማስበው ያንን ጠረጴዛ ነው። ለዚህ ነው የልጁ ረቂቅ የገባኝ። ስለ ኩባያው የጻፈ ልጅ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቢያንስ ያየዋል።

ልጁ በመጨረሻ ምን አደረገ? የራሱን አስገባ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ስህተቱን ብቻ አረሙለት፣ በነጻ። እናቴ ድርሰቱን በአማርኛ ሲያነብላት ምን አለች ብትሉ፣ ‹‹ለአሜሪካን ነገርከኝ?›› አለችው፣ ሁለት ቀን ኮረፈችው፣ ከዚያ ‹‹ልጁ አሁንም ይመጣል ወይ?›› ብላ ጠየቀች። መልሱ መጋቢት ላይ ነው የሚመጣው። ይግባ አይግባ ለዚህ ግምገማ ለውጥ የለውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሙሉ ፓኬጁ ከአንድ መምህር የወር ደሞዝ በላይ ነው። ነጣጥላችሁ መክፈል ትችላላችሁ፣ እነሱ ግን ራሳቸው አይነግሯችሁም፣ ጠይቁ። ቪዛው ላይ የሚመጣውንም አይነግሩም፦ ልጁ ከገባ የሴቪስ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ፣ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ። ለጠቅላላ ምክር ደግሞ ኤዱኬሽንዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት አገልግሎት ምንም አያስከፍልም፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

የድርሰቱን ገንዘብ መልሱልን ብለን ነበር። ግማሹን መለሱ፣ ግማሹን ‹‹የኤዲቲንግ›› ብለው አስቀሩ፣ እህቴ ደረሰኝ ይዛ ባትሄድ ኖሮ እሱንም አናገኝም ነበር። ከሄዳችሁ ወደ ውስጠኛው ክፍል አትግቡ። ፋይናንሱን የምትሠራዋን ልጅ ጠይቁ፣ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ነው።